ሽታው ገበሩ ውስጥ፣ ሶዳው ቆዳው ላይ

የቆዳ ልብስን መጥፎ ሽታ ቤት ውስጥ በሚገኙ ተፈጥሯዊ ነገሮች ስለማስወገድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ደንበኞቼ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እውነትነቱን ለመጠየቅ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ምክሩን ከሞከሩት በኋላ። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቆዳው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ማሳደር፤ በአቼቶ መወልወል፤ ሽታው ከጠና ሁለቱን ቀላቅሎ መቀባት፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር፤ በወይራ ማጠን፤ የቡና አተላ ኪስ ውስጥ መክተት፤ በመጨረሻም ቅቤ ወይም የምግብ ዘይት ቀብቶ በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ። ኬሚካል ስለሌለባቸው አንዳቸውም ጉዳት የላቸውም ሲሉ ጸሐፊዋ ደምድመዋል።

ጸሐፊዋ ሰውን ለመጥቀም እንደጻፉ አልጠራጠርም። ያገኙትን ሽቶና እድፍ ማስለቀቂያ ሁሉ ቆዳ ላይ ከሚረጩ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር የእርሳቸው መነሻ ይሻላል፤ ከምክሮቻቸው መካከልም በግማሽ የምቀበላቸው አሉ። ነገር ግን ኑሮዬ የቆዳ ልብስ መስፋትና መጠገን ነው። ምክሩ ከከሸፈ በኋላ ጃኬቱ የሚመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከዘዴዎቹ በፊት ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ጥያቄ አለ። ሽታው የተቀመጠው የት ነው? ጸሐፊዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያክሙት ቆዳውን ብቻ ነው። ላብ ላብ የሚል ጃኬት ሲሆን ግን ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ገበሩ ነው። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሽታውን የሚፈጥሩት ብብት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ላቡን ሲበሉት የሚከረፉ አሲዶችን ይተዋሉ። እነዚህ አሲዶች በመጀመሪያ የሚያገኙት ደግሞ ሰውነት የሚነካውን ጨርቅ ነው። የብዙ ጃኬት ገበር ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም፣ ቅባትን ግን አጥብቆ ይይዛል፤ የላብ ሽታ ከጥጥ ይልቅ እርሱ ላይ የሚከርመው በዚህ ምክንያት ነው።

የብብት ስፌት ስፈታ ደጋግሜ የማየውን ልናገር። ቆዳው በውስጥ በኩል ደህና ነው፤ ቀለሙም እንዳለ ነው። ገበሩ ላይ ግን በግማሽ ክብ የተሳለ ቢጫ እድፍ አለ፤ በእድፉ ዳር ዳር ደግሞ የደረቀ ጨው ነጭ መስመር ሠርቷል። ከገበሩ ሥር የተለጠፈ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ ካለ ሙጫው ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ጨርቁን ለብቻው፣ ቆዳውን ለብቻው አፍንጫ ላይ ሲያስጠጉት ግማቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን ጃኬት በውጭ በኩል በሶዳ መሸፈን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጃኬቱን ገልብጦ ነው። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይነከርና ጠብ እስከማይል ድረስ ይጨመቃል። በዚያ ጨርቅ ብብቱ፣ የአንገቱ ዙሪያና የእጅጌው ጫፍ ይታሻል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ በተነከረና በተጨመቀ ሌላ ጨርቅ ሳሙናው ይነሣል። ውሃው ገበሩን አልፎ ቆዳውን እንዳያርስ መጠንቀቅ ነው፤ ቆዳ ርሶ ሲደርቅ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ይጣበቁና ግትር ይሆናል። እንደተገለበጠ በሰፊ መስቀያ ላይ ተሰቅሎ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ቀጭን የሽቦ መስቀያ ትከሻውን ያበላሸዋል። ብዙው ሽታ በዚህ ይለቃል። ካልለቀቀ ገበሩን ማስቀየር ይቻላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቆዳው ደህና የሆነ ጃኬት ገበሩ ሸተተ ተብሎ ይጣላል፤ አዲስ ገበር የሚገባው ግን ከአዲስ ጃኬት ዋጋ እጅግ ባነሰ ገንዘብ ነው። ማስቀየርዎ ካልቀረ ቢያንስ የብብቱን ክፍል የጥጥ አድርጉልኝ ብለው ይዘዙ።

አሁን ወደ ቤኪንግ ሶዳው። ጸሐፊዋ ሶዳ ሽታ ያጠፋል ማለታቸው መሠረት አለው። የላብ ሽታ ከሞላ ጎደል የአሲዶች ሽታ ነው፤ ሶዳ ለዘብ ያለ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ ስለሆነ አሲዱን ያረግበዋል፤ የረገበ አሲድ ተንኖ አፍንጫ ጋ አይደርስም። ችግሩ ቆዳውም ራሱ አሲዳማ መሆኑ ነው። ዛሬ ጃኬት የሚሰፋበት ቆዳ በአብዛኛው በክሮም፣ ማለትም በክሮሚየም ጨው፣ የለፋ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ፒኤቹ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነትን፣ ሲበዛ አልካሊነትን የሚያሳየው መለኪያ) ከ3.5 እስከ 4.5 አካባቢ ይሆናል። ሶዳ ውሃ ሲነካው 8.3 ገደማ ይደርሳል። በፒኤች መለኪያ ላይ እያንዳንዷ ቁጥር የ10 እጥፍ ልዩነት ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንግዲህ በሺዎች እጥፍ ይቆጠራል። ፋብሪካው ቀለሙንና ማለስለሻ ቅባቱን ከቆዳው ጋር ያጣበቀው በአሲድ ነው። አልካሊ ሲገባበት ቀለሙ መልቀቅ ይጀምራል፣ ቅባቱም ይወጣል፣ ቆዳው ይደርቃል። በዛፍ ቅርፊት ታኒን የለፋ ቀበቶ ወይም ቦርሳ ከሆነ ደግሞ ይጠቁራል።

ደረቅ ዱቄት ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ልስልስ ፊት ባለው ቆዳ ላይ ደረቅ እንደሆነ ቢጠረግ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሱዊድ ላይ ግን፣ ማለትም ፊቱ ከፈይ በሚመስለው ቆዳ ላይ፣ ዱቄቱ ጸጉሮቹ ሥር ይገባና በብሩሽ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው። አንዲት ደንበኛዬ ያመጡት ቡናማ ሱዊድ ጃኬት ትዝ ይለኛል። ሶዳውን ነስንሰው አሳድረው፣ በብሩሽ ጠርገው፣ ንጹሕ መስሏቸው ለብሰውት ወጡ። ካፊያ መታቸው። ጠብታዎቹ ባረፉባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በተለይ ትከሻው ላይ፣ መሐሉ የገረጣ ዳሩ የጠቆረ ነጠብጣብ ቀረ፤ እዚያ ቦታ ላይ ጸጉሩ ተኝቶ በጣት ሲዳሰስ ይሻክር ነበር። ያንን በሙሉ መመለስ አይቻልም፤ ቀለም ነክተን አደብዝዘነው ሄዱ።

ሶዳ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ይጠቀም፤ ቆዳው ላይ ግን አያድርገው። በሰፊ ሳህን ላይ ዘርግቶ፣ ጃኬቱ ከተሰቀለበት የተዘጋ ቁም ሣጥን ሥር ያስቀምጠው። ይህ ቀናት ይፈጃል፤ ጃኬቱ ግን እንደነበረ ይወጣል። ከሰልም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ጸሐፊዋ ከሰልን አለማንሳታቸው ይገርማል፤ ከዘረዘሯቸው ከብዙዎቹ ይሻል ነበርና። ለማጣሪያ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀው አክቲቬትድ ካርቦን አንዱ ግራም ብቻ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር የሚደርስ ውስጣዊ ገጽ ስላለው የሽታ ሞለኪውሎችን ይይዛል። የምድጃችን ከሰል የዚያን ያህል አቅም የለውም። ይሁን እንጂ ያልነደደና ደረቅ ከሆነ፣ ጥላሸቱ እንዳይነካካ በጨርቅ ተቋጥሮ ከተቀመጠ ትንሽ ትንሽ ያግዛል።

ሶዳውን ከአቼቶ ጋር ቀላቅሎ ስለመቀባት ብዙ የምለው የለኝም። አንዱ አሲድ፣ ሌላው አልካሊ ነው። ሲገናኙ ይንተከተካሉ፣ አረፋው ያምራል፣ ከዚያ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና ሶዲየም አሴቴት የሚባል ጨው ይቀራል። ሽታ ሊያጠፋ የሚችለው የሁለቱም ጉልበት አረፋው ላይ አለቀ። ጃኬቱ ያተረፈው ጨዋማ ውሃ ነው።

አቼቶ ብቻውን ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ጽሑፉ ለሁሉም ሽታ ማዘዙ ግን ስሕተት ነው። አቼቶ 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ፒኤቹ 2.5 አካባቢ ነው። የሚያሸንፈው አልካሊ የሆኑ ሽታዎችን ነው፤ የዓሣ ሽታና የቆየ የሽንት ሽታ ከነዚህ ናቸው። ድመት የሸናችበት ገበር በአንድ እጅ አቼቶና በሦስት እጅ ውሃ ሲታሽ ይሻለዋል። የላብ ሽታ ግን ራሱ አሲድ ነው፤ በአሲድ ላይ አሲድ ቢጨመር ምን ይፈይዳል? የአቼቶው ሽታ ለጊዜው ያይልበትና የዳነ ያስመስለዋል፤ አቼቶው ሲተን የቆየው ይመለሳል።

ሌላም አደጋ አለው። አቼቶ ብረት ይነካል፤ ብረት የነካ አቼቶ በታኒን የለፋ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቆዳውን ጥቁር ያደርገዋል። ቆዳ ሠሪዎች ብረት አቼቶ ውስጥ አሟሙተው ጥቁር ቀለም የሚያወጡበት የቆየ ዘዴ ይኸው ነው። እነርሱ ፈልገው ያደርጉታል፤ ቀበቶውን በአቼቶ ወልውሎ በዘለበቱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ያገኘ ሰው ግን አልፈለገውም። ያ ጥቁረት አይለቅም።

ፀሐይና ፍሪዘር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እዚህ ከቀትር እስከ ማታ የተሰጣ ጥቁር ጃኬት ትከሻው ወደ ቡናማ ቢሄድ አይደንቅም። ቆዳን የሚያድነው ነፋሱ ነው፤ ያ ደግሞ ጥላ ውስጥም አለ። ፍሪዘር ባክቴሪያ ይገድላል የሚለው ደግሞ ትክክል አይደለም። ቅዝቃዜ አብዛኞቹን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ ሽታውም የሚቀንሰው ቀዝቃዛ ነገር በደንብ ስለማይተን ነው። ጃኬቱ ሰውነት ላይ ሲሞቅ ሁሉም ይነቃል። ብል የገባበት የሱፍ ልብስ ፍሪዘር ውስጥ ቢገባ ምክንያት አለው፤ ላብ ላብ ለሚል ጃኬት ግን የሥጋውን ቦታ ማጣበብ ነው።

ወይራው ላይ ስደርስ እጄን ትንሽ ሰብሰብ አደርጋለሁ፤ ይህን ምክር የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸውና። የወተት ዕቃ በወይራ መታጠኑ ከንቱ ልማድ አይደለም። ጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖልና አልዲሃይድ የሚባሉ ነገሮች በእውነት ተሐዋስያንን ያዳክማሉ። እንዲያውም በጢስ ቆዳ የሚያለፉ ሕዝቦች ነበሩ፤ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአጋዘን ቆዳ የሚያለፉበት ስልት ጢስን ይጨምራል። ነገር ግን ቅሉ ታጥኖ ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠናል፤ ጃኬቱ አይታጠብም። ጢሱ የሚተወው ቅጥራን ገበሩ ላይ ከላቡ ጋር ተዳብሎ ይቀመጣል። ነጣ ያለ ቆዳ ደግሞ ቢጫ ይመታል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልብሱ የወይራም የላብም ሽታ ይኖረዋል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ከላብ ብቻ የባሰ ነገር እንደሚወጣ ያሸተተው ያውቀዋል። የእጣኑም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጢስን ካነሳን አይቀር፣ ጽሑፉ የዘነጋው አንድ ሽታ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንን በጣም ያስቸግራል። ክረምቱ በሚበረታበት አገር መስኮት ተዘግቶ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በበሩ ላይ የተሰቀለው የቆዳ ካፖርት ሁሉን ይጠጣል። የሽንኩርቱ ሽታ ድኝ ካላቸው ውህዶች የሚመጣ ሲሆን ከሚተነው የዘይት ጭጋግ ጋር እየሄደ ልብሱ ላይ ይለጠፋል። በማግሥቱ በሥራ ቦታ ሊፍት ውስጥ ባለቤቱ አይሰማውም፣ ሌላው ሰው ይሰማዋል። እዚህ ላይ ከላቡ በተለየ የውጭው ፊት መወልወሉ ይጠቅማል፤ ሽታውን የያዘው ስስ የዘይት ሽፋን ፊቱ ላይ ነውና። ቀለም የተቀባና ልስልስ ፊት ላለው ቆዳ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የሳሙና ውሃ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ፣ ፈጠን ተብሎ አንድ ጊዜ ማለፍ ይበቃዋል። አስቀድሞ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከኮሌታው ሥር፣ መሞከር ግድ ነው፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ይቁም። ሱዊድ ከሆነ በደረቅ ብሩሽና በነፋስ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ሽንኩርቱ ከመጣዱ አስቀድሞ ካፖርቱን መኝታ ቤት አስገብቶ በሩን መዝጋት ይቀላል። ከማሞቂያው ላይ ሰቅሎ ማድረቅም አይገባም፤ ሙቀቱ ቅባቱን አውጥቶ ቆዳውን ያሰነጥቀዋል።

የቡና አተላ ኪስ ውስጥ መክተት ለምን እንደታሰበ አይገባኝም። አተላ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር የተዘጋ ኪስ ውስጥ ሲያድር ይሻግታል። ደረቅ የተፈጨ ቡና ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሽታው ደስ ይላል እንል ነበር፤ ቡናው ግን ለጀበናው ይሻላል።

ስለ ቅቤውና ስለ ዘይቱ ግን መቆጣት አለብኝ። ጸሐፊዋ አያቶቻችን ጠፍርና ስልቻ በቅቤ ያለሰልሱ እንደነበር አስታውሰው፣ ጃኬትም በለጋ ቅቤ ቢታሽ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይጠፋል ብለዋል። ጠፍር ወፍራም ነው፤ በሬ ያስሩበታል እንጂ ለብሰውት ሠርግ አይሄዱም። የጃኬት ቆዳ፣ በተለይ በእጅ ጓንት ሥራ በዓለም ገበያ ስም ካተረፈው ከደጋ በጋችን የሚወጣው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ቅቤ ሲቀቡት ወዲያው ጠጥቶ ገበሩ ጋ ይደርሳል። ከዚያ ቅቤው ይበላሻል። የተበላሸ ቅቤ የሚለቀው ቢዩቲሪክ አሲድ ነው፤ ትውከትን የሚያሸተውም ይኸው አሲድ ነው። የላብ ሽታ ለማጥፋት ተነስቶ የትውከት ሽታ መጨመር ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው። ዘይቱም ከዚህ አይሻልም። የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ዘይቶች አየር ሲያገኛቸው በቶሎ የሚለወጡ ቅባቶች ያሉባቸው ናቸው፤ ቆይተው ይሻክራሉ፣ ይጣበቃሉ፣ አቧራ ይሰበስባሉ፣ ይከረፋሉ። ቅቤ የጠጣ ጃኬት ሲመጣልኝ በግልጽ እናገራለሁ፤ ከውጭ የሚወለወለው ቢወለወልም የጠለቀው አይወጣም። ቆዳው ደርቆ ከሆነ ለጃኬት ቆዳ ተብሎ የተሠራ ክሬም ጥቂት በስሱ ይበቃዋል። ክሬሙ ፋብሪካ የሠራው ነው ተብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ ጃኬቱም የበቀለ አይደለም።

በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥ ደግሞ እስካሁን የተደከመበትን ሁሉ ያፈርሳል። ሻጋታ የሚወደው የታፈነ እርጥበት ነው፤ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ሲያልፍ ቆዳ ላይ በቀላሉ ይበቅላል፤ በክረምት ወራት ግድግዳው የሚያልበው ቤት ውስጥ ያለ ቁም ሣጥን ይህን ያሟላል። ፌስታሉ በልብሱ ውስጥ የቀረችውን እርጥበት መውጫ ያሳጣታል። ጃኬት በአሮጌ የጥጥ አንሶላ ወይም በነጠላ ተሸፍኖ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ መሰቀል አለበት፤ በክረምት አልፎ አልፎ አውጥቶ ማናፈስ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ከታየ ቤት ውስጥ አያራግፉት፤ ደጅ አውጥተው፣ አፍና አፍንጫን ሸፍነው፣ በደረቅ ጨርቅ አንስተው ጨርቁን ይጣሉት። ከዚያ ጃኬቱ ነፋስ ላይ ቀናት ይቆይ። ሻጋታው ከተነሳ በኋላም አፈር አፈር የሚለው ሽታ ቶሎ አይሄድም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የናፍታሊንም ነገር እንዲሁ ነው። ለብል ተብሎ ኪስ ውስጥ የከረመ ናፍታሊን ሽታው በምንም ቅባት አይሸፈንም፤ ጠጣር ሆኖ ሳለ በቀጥታ ወደ አየር የሚተን ነገር ስለሆነ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ነፋስ ላይ መስቀል ብቻ ነው መድኃኒቱ። ለብ ባለ ቀን ቶሎ ይሄዳል።

በመጨረሻ፣ ጽሑፉ ሁሉም ሽታ ቤት ውስጥ ይለቃል የሚል ተስፋ ሰጥቷል። የማይለቅ አለ። ለጌጥ የሚሸጡ አንዳንድ ቦርሳዎች፣ ከበሮዎችና ጸጉራቸው ያልተነሳ ምንጣፎች በደንብ ያልለፋ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያልለፋ ደረቅ ቆዳ ናቸው። ደርቀው ሳለ ደህና ይመስላሉ፤ እርጥበት ሲነካቸው ግን ያቆሙት መበስበስ ካቆመበት ይቀጥላል። ሽታው ከቆዳው ሥጋ ስለሆነ ሶዳም፣ ሳሙናም፣ እኔም አናስለቅቀውም። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚለየው ከመግዛት በፊት ነው፤ ጣትን በምራቅ ወይም በውሃ አርሶ የቆዳውን የውስጥ ፊት ጥቂት ማሸት፣ ከዚያ ማሽተት። ሻጩ ቅር ቢለውም ቢከረፋ መልሶ ማስቀመጥ ነው።